በ19 ነጥብ ጓደኛችንን አስቀየምናት፤ የባህርይ መጠይቅ ውጤት እንዴት ነው የሚነበበው?

የጀበና ወዳጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አምስት ጓደኛሞች ነን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። አሁን ሁላችንም ሠላሳዎቹን ተሻግረናል። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ በየተራ አንዳችን ቤት ቡና እንጠጣለን፣ እቁባችንንም እዚያው እንጥላለን። ስም አልጠራም፣ በሥራቸው ልጥራቸው፦ ነርሷ፣ መምህሯ፣ አካውንታንቷ፣ ባለ ሱቋ፣ አምስተኛዋ እኔ።

ባለፈው ወር መምህሯ አንድ የባህርይ መጠይቅ ይዛ መጣች። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሞላ ነው፣ 120 ጥያቄ አለው። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እሷ ጮክ ብላ እያነበበችና እየተረጎመችልን ሁላችንም በየስልካችን ሞላን። በመጨረሻ አምስት ውጤት ይሰጣል፦ ተግባቢነት፣ ጥንቃቄና ትጋት፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ቶሎ መረበሽ፣ ተስማሚነት።

ውጤታችንን ግሩፓችን ላይ ለጠፍን። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ጨዋታ ነበር። መምህሯ በተግባቢነት 91 አመጣች፣ ማንም አልገረመውም። አካውንታንቷ በጥንቃቄ 95። እኔ በመረበሽ 77። ከዚያ ተስማሚነት ላይ ደረስን። ባለ ሱቋ 88፣ እኔ 64፣ መምህሯ 58፣ አካውንታንቷ 52። ነርሷ 19።

አንዷ «ማለፊያው 50 ነው፣ ወደቅሽ» አለቻት። ሌላዋ «እኔ ድሮም ብዬ ነበር» አለች። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ነርሷ «እሺ» ብላ ስኒ ማሰባሰብ ጀመረች። በረካው ሳይደርስ ተነስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ አንድ ቃል አልጻፈችም። ትናንት ቡና ነበረን፣ አልመጣችም። የእቁቧን ብር ግን በቴሌብር ልካለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ 11 ሌሊት አብራኝ ያደረችው እሷ ናት። ከራሷ ፈረቃ እየወጣች፣ እንቅልፍ ሳይኖራት። ታዲያ ይሄ 19 ምንድነው? መጠይቁ ነው የተሳሳተው ወይስ እኛ ማንበብ አልቻልንም?

---

ቀጥተኛው | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡48

እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። መጠይቁን የሞላችው ራሷ ናት። ማንም አልሞላላትም። ሰው ደግ ሆኖም ቁጡ ሊሆን ይችላል። የእኔ ታላቅ እህት እንደዚያ ናት፤ ያላትን ሁሉ ትሰጥሻለች፣ እየጮኸችብሽ ነው የምትሰጥሽ። 19 ውሸት ነው ብለሽ ልታባብያት ከሆነ የሄድሽው፣ እሷም ታውቅብሻለች።

---

የስነ ልቦና ተማሪ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡30

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

19 ማለት ከ100 ጥያቄ 19 መለሰች ማለት አይደለም። የፈተና ማርክ አይደለም። ፐርሰንታይል ይባላል። ከእሷ ጋር የሚነጻጸሩ 100 ሴቶች በሰልፍ ቢቆሙ፣ 19 ያህሉ ከእሷ በታች ይሆናሉ፣ የቀሩት በላይ። በዚህ አቆጣጠር ከሰው ሁሉ ግማሹ የግድ ከ50 በታች ነው። ማለፊያ የሚባል ነገር የለም። እኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከመቶ ስንታረም ስላደግን ቁጥር ስናይ ማለፍና መውደቅ ይታየናል።

ሁለተኛ። እንደገለጽሽው ከሆነ ይህ የጆን ጆንሰን መጠይቅ ነው። ሰውየው በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበሩ። ጥያቄዎቹ የተወሰዱት ሉዊስ ጎልድበርግ ከጀመሩት፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት ከሚችል የጥያቄ ክምችት ነው። አምስቱ ትልልቅ ባህርያት እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ክፍል አላቸው። በድምሩ 30 ክፍል፣ ለእያንዳንዱ አራት ጥያቄ። 120 የመጣው ከዚያ ነው።

ተስማሚነት የሚባለው ስድስቱ እነዚህ ናቸው፦ ሰውን ማመን፣ ቅንነት፣ ሰውን መርዳት፣ አለመጋጨት፣ ትሕትና፣ ርኅራኄ። አንድ ሰው በመርዳት ከፍ ብሎ በማመንና ባለመጋጨት ዝቅ ቢል፣ ሲደመር ዝቅ ያለ ቁጥር ይወጣል። እናንተ ያያችሁት ድምሩን ብቻ ነው። ገጹ ወደ ታች ሲወርድ ስድስቱ ተዘርዝረው ይገኛሉ።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው። መጠይቁ መግቢያው ላይ ራስህን በዕድሜና በጾታ ከሚመስሉህ ከምታውቃቸው ሰዎች ጋር እያወዳደርክ መልስ ይላል። መምህሯ ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብባላችኋለች? ነርሷ ራሷን ያወዳደረችው ከማን ጋር ነው? ምናልባት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ከሚያድሩ ሴቶች ጋር ራስሽን አወዳድረሽ «እኔ ሩኅሩኅ ነኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ባለ ሱቋ ደግሞ ከሌሎች ባለ ሱቆች ጋር ይሆናል ያወዳደረችው። ሁለቱ የያዙት ሜትር አንድ አይደለም። በሁለት ሜትር የተለካን ጨርቅ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ነው የሳቃችሁት።

ስድስቱ ክፍሎች ካሉሽ ላኪልን፣ አብረን እናየዋለን።

---

የጀበና ወዳጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡41

መግቢያውን አላነበበችልንም። ቀጥታ ወደ ጥያቄው ነው የገባነው። የነርሷ ሙሉ ገጽ ስክሪንሾት ግሩፑ ላይ አለ። አሁን እለጥፈዋለሁ።

---

ቁልፍ ያዥ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡44

እህቴ ቆይ! አትለጥፊው። የእሷ ነው። ሳትጠይቂያት ለማያውቃት ሰው አታሳዪ። የተቀየመችው ለአራት ሰው ስለታየ ነው፣ አሁን ለስንት ሰው ልታሳዪው ነው?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እኔ ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። እነዚህ መጠይቆች የግል ጉዳይ ናቸው፣ እኛ ግን እንደ ቀልድ እናያቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የካምብሪጅ አናሊቲካን፣ የፖለቲካ አማካሪ ኩባንያውን፣ ጉዳይ አስታውሱ። ፌስቡክ ላይ አንድ የባህርይ መጠይቅ መተግበሪያ ነበር። የሞሉት ሰዎች ወደ 270 ሺህ ነበሩ። መተግበሪያው ግን የሞላውን ሰው ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም መረጃ ይሰበስብ ነበር። ፌስቡክ ራሱ በኋላ እስከ 87 ሚሊዮን ሰው ሊነካ እንደሚችል አመነ። ያ መረጃ ለፖለቲካ ቅስቀሳ ተላለፈ። ከ87 ሚሊዮኑ አብዛኛው መጠይቁን አይቶትም አያውቅም፤ ጓደኛው ስለሞላ ብቻ ነው የተነካው።

ስለዚህ መጠይቅ ስትሞሉ በፌስቡክ ወይም በጉግል አካውንት ግቡ የሚላችሁን ተዉት። እውነተኛ ስምና ስልክ አትስጡ። ውጤት ለማሳየት ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ዝጉት።

---

የጀበና ወዳጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡52

ልክ ነህ ወንድሜ። እጄን ያዝከኝ። አልለጥፍም። ራሷን እጠይቃታለሁ።

---

የአዘዞ እናት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። የልጄ ልጅ ናት ይህን መድረክ ያሳየችኝ።

በእኛ ጊዜ ኮከብ ማስቆጠር ነበር። ስምሽና የእናትሽ ስም በፊደል ቁጥር ይደመርና በ12 ይገደፋል። የተረፈው ቁጥር ኮከብሽ ነው። ሐመል ነሽ፣ ሰውር ነሽ፣ ሑት ነሽ ይሉሻል። ከዚያ እሳት ነሽ፣ ነፋስ ነሽ፣ ውኃ ነሽ፣ መሬት ነሽ። እኔና ጓደኞቼ ልጃገረዶች ሳለን በድብቅ አስቆጠርን። የእኔ እሳት ሆነ። ከዚያ በኋላ ትንሽ በተቆጣሁ ቁጥር «እሳት አይደለች» ይሉኝ ነበር። የአንዷ ደግሞ ውኃ ሆነ። እሷ ብትቆጣም ማንም አያይባትም፣ ውኃ ናት ተብላለቻ! ስም አንዴ ከወጣ እንዲህ ነው።

ስለ መጠይቁ አላውቅም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለ ሱቋ 88 አመጣች አላችሁ። ስትሞላ እናንተ አጠገቧ ነበራችሁ? «ሰው ላይ ትጮኺያለሽ?» ብትሉኝ እኔ ብጮህም አልጮህም ነው የምላችሁ። ያሳደጉኝ በይሉኝታ ነው። ለሰው ፊት ይሉኝታ የያዘችው 88 አገኘች፣ እውነቷን የተናገረችው 19 አገኘች። ይህን አስቡበት።

ልጄ፣ አንቺም በስልክ አትጠይቂያት። ሂጂ። እጅሽንም ባዶ አታድርጊ።

---

የስነ ልቦና ተማሪ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

እማማ፣ እጅዎን እስማለሁ። የተናገሩት በትምህርቱም ስም አለው፤ ሰው ጥሩ ሆኖ ለመታየት ሲል መልሱን ማሳመር። መጠይቅ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁልጊዜ የሚቸገሩበት ነገር ነው። ጥያቄ ጮክ ተብሎ እየተነበበ፣ ጓደኛ ጎን ተቀምጦ ሲሞላ ይብሳል።

ስለ ኮከቡም ያሉት ትክክል ነው፤ ሰው የተሰጠውን ስም የራሱ አድርጎ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አስተማሪ ለ39 ተማሪዎቹ የባህርይ ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ «የአንተ ነው» ብሎ ውጤት አደለ። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ወጣ። ለሁሉም የሰጠው ግን አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር። አብዛኛውን ዓረፍተ ነገር የወሰደው መንገድ ላይ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ከሜሪላንድ ነኝ። የኔ ታሪክ ማየርስ ብሪግስ በሚባለው በባለ አራት ፊደሉ መጠይቅ ነው። 16 ዓይነት ሰው አለ የሚለው።

የምሠራበት ቦታ ሁላችንንም አስሞሉን። ከዚያ ፊደላችንን ካርቶን ላይ ጽፈን ጠረጴዛችን ላይ እንድናቆም ተደረገ። እኔ «አይ» (I) የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ወጣልኝ፣ ዝምተኛ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከደንበኛ ጋር የሚደረግ ስብሰባ ላይ መጠራት አቆምኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። «አንተ እንደማይመችህ ስለማውቅ ነው» አለኝ። እኔ ግን በእንግሊዝኛ ነው ዝምተኛ የምሆነው! በአማርኛ ሰርግ ላይ አጫዋች ነኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አነበብኩ። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው የሠሩት። ሁለቱም የስነ ልቦና ትምህርት የላቸውም፤ መነሻቸው ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ሥራ ነው። ትልቁ ችግሩ ሰውን ለሁለት መክፈሉ ነው። ከመሀል አንድ ጥያቄ ወዲህ ከሆንክ አንድ ፊደል፣ ወዲያ ከሆንክ ሌላ ፊደል። አብዛኛው ሰው ደግሞ መሀል አካባቢ ነው። እኔ ራሴ ከሦስት ወር በኋላ ስሞላው «ኢ» (E) ወጣልኝ፣ ተግባቢ ማለት ነው። ካርቶኑ ግን አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። መጠይቁን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ሠራተኛ ለመምረጥ አትጠቀሙበት ይላል።

የጓደኛሽ መጠይቅ ከዚህ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰውን በደረጃ ነው የሚያስቀምጠው፣ በሳጥን አይደለም። ግን እናንተ 19ን ካርቶን አድርጋችሁ ለጠፋችሁባት።

---

ከነታንያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ሰላም፣ ከእስራኤል ነኝ። ስለ ቋንቋው ማንም አላነሳም።

እኔ እንዲህ ዓይነት መጠይቅ በዕብራይስጥ ሞልቼ አውቃለሁ። ለእናቴ ደግሞ በአማርኛ እየተረጎምኩ ሞላሁላት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። «ተስማሚ ነሽ ወይ» ብዬ ጠየቅኳት። «ከማን ጋር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእሷ ሰው ዝም ብሎ ተስማሚ አይሆንም፤ ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል፣ ከአማቱ ጋር አይስማማም። «ሰውን ታምኛለሽ?» አልኳት። «የትኛውን?» አለች።

ከዚያ ገልብጬ ጠየቅኳት። «እማ፣ አንቺ ስለ ጥሩ ሰው ስታወሪ ምን ትያለሽ?» ወዲያው ጀመረች። ሆደ ሰፊ። ነገር አሳላፊ። አደራ ጠባቂ። ቃሉን የማያጥፍ። ደራሽ። መጥፎውንም ጨመረች፦ ሆደ ባሻ፣ ግልፍተኛ፣ ቂም ያዥ። እነዚህን ወደ ዕብራይስጥ ለመመለስ ሞከርኩ። ሆደ ባሻን በአንድ ቃል ማለት አልቻልኩም። ደራሽንም አልቻልኩም።

የጀበና ወዳጅ፣ 11 ሌሊት አብራሽ ያደረች ሴት በእናቴ አማርኛ ደራሽ ናት። ከ120ው ጥያቄ ስንቱ ስለ ደራሽነት ይጠይቃል?

---

የስነ ልቦና ተማሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡22

ይሄ በጣም ደስ ይላል! ምክንያቱም የአምስቱ ባህርያት ነገር ራሱ የተነሳው ከቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የሚባሉ ሰዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዘው ሰውን ከሰው የሚለዩ ቃላትን ለቀሙ። ወደ 18 ሺህ ገደማ አገኙ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰዎች በኑሯቸው የሚያስፈልጋቸው የባህርይ ልዩነት ሁሉ በቋንቋቸው ውስጥ ቃል ያወጣል። ተከታዮቻቸው ያንን እያጣሩ እያጣሩ ነው አምስት ላይ የደረሱት። ግን የተለቀመው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ከአማርኛ ቢለቀም ምን ይወጣ ነበር? እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ለመሥራት እያሰብኩ ነው፣ እውነቴን ነው።

ለእናንተ ለጓደኛሞቹ አንድ ሐሳብ አለኝ። የጆሃሪ መስኮት ይባላል። ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጡት ነው፤ ስሙ ከሁለቱ ስም ተቆርጦ ነው። የባህርይ ቃላት ዝርዝር ይዛችሁ እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ አምስት ወይም ስድስት ቃል ትመርጣላችሁ። ለእያንዳንዷ ጓደኛም እንዲሁ። ከዚያ ታነጻጽራላችሁ። እሷም እናንተም የመረጣችሁት አለ፣ እናንተ ብቻ የመረጣችሁት አለ፣ እሷ ብቻ የመረጠችው አለ። እናንተ ግን ዝርዝሩን በአማርኛ ቃል አድርጉት።

ጓደኛ ሁሉንም ያውቃል እያልኩ አይደለም። ሲሚን ቫዚር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ጥናት፣ እንደ ጭንቀት ያለውን የውስጥ ነገር ሰው ራሱ ከጓደኛው የተሻለ ያውቃል። ስለ ብልህነቱና ስለ ፈጠራ ችሎታው ግን ጓደኞቹ ከእሱ የተሻለ ያውቁለታል። ተግባቢነትን ሁሉም እኩል ያየዋል፤ ለዚያ ነው በመምህሯ 91 ማንም ያልተገረመው።

---

ቀጥተኛው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሁላችሁም የተናገራችሁት ትምህርት ሆኖኛል። ግን አልተመለሰልኝም። ነርሷ «እጮሃለሁ» ብላ ከሞላች ትጮሃለች ማለት ነው። ደራሽ መሆኗ ያንን አያጠፋውም። ይሄን ለምን ፈራን?

---

የጀበና ወዳጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡35

ሄጄ መጣሁ። የአዘዞ እናት እንዳሉት እጄን ባዶ አላደረግኩም፣ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ገና መነሳቷ ነበር። የምጽፈውን ሁሉ አስፈቅጄያት ነው የምጽፈው። ይህንን ክር ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

መጀመሪያ ያለችው ለቀጥተኛው ነው። «ይሄ ሰውዬ ልክ ነው። እጮሃለሁ። በየፈረቃው እጮሃለሁ። አንድ በሽተኛ ስምንት ጠያቂ አልጋው ዙሪያ ቆሞበት መተንፈስ ሲያቅተው ካልጮኽኩ ማን ያስወጣልኛል?» አለች። ስድስቱን ክፍል አብረን አየነው። ሰውን መርዳት 79። ርኅራኄ 62። ቅንነት 41። ትሕትና 18። ሰውን ማመን 6። አለመጋጨት 4። ትሕትናው ላይ ደግሞ «በሥራዬ ጎበዝ መሆኔን አውቃለሁ፣ ለምን አላውቅም ልበል?» አለችኝ። ጎበዝ ናት።

እኔ ይቅርታ ልጠይቃት የሄድኩት ስለ 19ኙ ነበር። «በ19ኙ አይደለም የተከፋሁት» አለችኝ። «ወደቅሽ ያለችኝም ቀልዷን ነው። ያኛዋ ናት። እኔ ድሮም ብዬ ነበር አለች። ለማን ነው ያለችው? ለእኔ ብላኝ አታውቅም። ስለዚህ ለእናንተ ነው ያለችው። እኔ በሌለሁበት ቁጡ ናት እየተባባላችሁ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ሲመጣ የሳቃችሁት የምታውቁት ነገር ስለተረጋገጠላችሁ ነው።»

ዝም አልኩ። እውነት ስለሆነ። ብዙ ጊዜ አውርተነዋል። እንደ ሐሜት አስበነው አናውቅም፣ «እሷ እንደሆነች ታውቂያታለሽ» እያልን ነው የምናልፈው። አንድም ቀን ግን ለእሷ ነግረናት አናውቅም። ይህንን ነገርኳት። ብዙ ቆይታ «ሰውን ማመን 6 ያወጣሁት ለምን ይመስልሻል» አለችኝ። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

---

የአዘዞ እናት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ጎሽ ልጄ። ብርቱካኑን ልጣ ከሰጠችሽ ጨርሰሻል። አሁን ያቺኛዋም በራሷ እግር ትሂድ። አንቺ እንዳታስታርቂያቸው፣ ሁለቱ ይነጋገሩ።

---

ቀጥተኛው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አክብሮቴን ንገሪያት። ስምንቱ ጠያቂዎች ውስጥ አንዱ ሆኜ አውቃለሁ። አባቴ ታሞ። የጮኸችብኝን ነርስ ክፉ ናት ብዬ ለዓመታት ሳወራባት ኖሬያለሁ።

---

ከነታንያ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡30

እናቴን ዝርዝሩን አስሞላኋት፣ እኔ ጻፍኩ። 32 ቃል ሆነ። ለሚፈልግ ጥቂቱን እነሆ፦ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ጭምት፣ ቁጥብ፣ ተጫዋች፣ ደራሽ፣ አደራ ጠባቂ፣ ምስጢር ጠባቂ፣ ነገር አሳላፊ፣ ግልጽ፣ ችኩል፣ ታጋሽ፣ ኩሩ፣ ግልፍተኛ፣ ቃሏን አክባሪ፣ እጀ ሰፊ፣ ቅን፣ ደፋር፣ ተጠራጣሪ። ሙሉውን ለጀበና ወዳጅ በውስጥ መስመር ልኬያለሁ።

---

የጀበና ወዳጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡50 (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ብዙዎቻችሁ ምን ሆነ እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ተመልሻለሁ።

«ድሮም ብዬ ነበር» ያለችው ለብቻዋ ሄዳ አነጋገረቻት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ትናንት ቡናው ነርሷ ቤት ነበር። አምስታችንም ነበርን።

መጠይቅ አልሞላንም። የነታንያዋን እናት 32 ቃላት በወረቀት አድርገን ለያንዳንዳችን አደልን። ለየብቻ፣ ዝም ብለን፣ ለራሳችን ስድስት፣ ለእያንዳንዷ ስድስት። ነርሷ ሰበሰበችና አነበበችልን።

የኔን ላስቀድም። ለራሴ ታጋሽ ብዬ ነበር። ማንም አልጻፈልኝም። ሦስቱ ሆደ ባሻ ብለውኛል። ከ77ቱ ይልቅ ይሄ ነው የቆነጠጠኝ፣ ምክንያቱም ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ሦስቱም መቼ መቼ እንደሆነ በቀን በቀኑ ነገሩኝ። ልክ ናቸው። ምስጢር ጠባቂ የሚለውን አራቱም ጽፈውልኛል።

ባለ ሱቋ ደግሞ ሳንጠይቃት ተናገረች። መጠይቁን ቤቷ ገብታ ለብቻዋ እንደገና ሞልታው ነበር። ተስማሚነቷ 61 ወጣ። «እናንተ ፊት ሰው ላይ እጮሃለሁ ማለት አቃተኝ» አለች። የአዘዞ እናት፣ እርስዎ እንዳሉት ነው።

ለነርሷ አራታችንም ሳንነጋገር ደራሽ ብለን ጽፈናል። ሦስታችን ግልጽ፣ ሁለታችን ግልፍተኛ። ግልፍተኛን ጮክ ብላ አነበበችውና «ይሄ ፊት ለፊት ሲባል ይሻላል» ብላ አለፈችው። የሚገርመው እሷ ለራሷ የጻፈችው ነው። ደራሽ አላለችም። የመጀመሪያው ቃሏ ተጫዋች ነበር። አንዳችንም ለእሷ ተጫዋች ብለን አልጻፍንም። ተያየን።

«ዎርድ ውስጥ ቢሞላልኝ ሁሉም ይህንን ነበር የሚጽፉልኝ» አለች። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ያላቸውን በሽተኞች የማጫውተው እኔ ነኝ። እዚህ ስመጣ ደክሞኝ ነው የምመጣው።»

መምህሯ «እስቲ አንድ አጫውቺን» አለቻት። ነርሷ ከሰሉን እያራገበች ጀመረች። ከሦስት ቀን በፊት ስለገቡ፣ መርፌ ስለሚፈሩ አንድ አዛውንት ወታደር ነበር። ድምፃቸውን ስታወጣ ባለ ሱቋ ከመቀመጫዋ ወረደች። በረካው ፈልቶ ወርዶ፣ ተቀድቶ፣ ስኒው ቀዝቅዞ፣ እሷ ገና ሁለተኛውን ታሪክ እያወራች ነበር።